ከመጨረሻው መጀመር

ሞጣና ዙሪያዋ ላይ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቤት አያጣም፤ ከወላጆቹ፣ እነሱ ካለፉም ከእህት ከወንድሙ ጋር ይኖራል። የሚያጣው በቤቱ ውስጥ ድርሻ ነው። ያጎርሱታል፣ ያጥቡታል፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ያስገቡታል። አዲስ አበባ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱትን ጆይ የኦቲዝም ማዕከል የመሰሉ መማሪያዎች አሏት፤ እዚያም ቢሆን ትምህርቱ የሚፈተነው ማታ ቤት ሲገባ ነው። ቤት ለቤት የምንዞር የተሃድሶ ሠራተኞች የምንጀምረውም ከዚያው ከቤቱ ነው።

አንድን ሥራ ከፋፍለን እናስተምራለን፤ መነሻችን ግን የመጨረሻው ክፍል ነው። ቡናን እንውሰድ። ማጠቡን፣ መቁላቱን፣ መውቀጡንና ማፍላቱን እናት ትሠራለች። ልጅቷ መጀመሪያ የምትማረው የተቀዳ ስኒ ለእንግዳ ማድረስ ነው። እንዳይፈስባት ስኒው ጎደል ይደረጋል። እንግዳው «ተባረኪ» ሲላት ምርቃቱ የእሷ ነው። ይህን ስትለምድ ወደ ኋላ አንድ ደረጃ እንመለሳለን፦ ቡናው እስኪሰክን ጠብቃ፣ የጀበናውን ጆሮ በጨርቅ ይዛ መቅዳት። ከመቁላቱ ብንነሳ ኖሮ ቡናው ያርርና ተስፋ ትቆርጥ ነበር፤ ምርቃቱም ለእናቷ ይደርስ ነበር።

ከማስተማሩ ይልቅ የሚከብደው እጅን መሰብሰብ ነው። ስኒው ሲንቀጠቀጥ የእናት እጅ ይቀድማል፣ የእኔም ይከጅላል። «እማማ፣ ትንሽ እንጠብቃት» እላለሁ፤ ለራሴም ጭምር።

ከዚያ የእናቶች ሁሉ ጥያቄ ይመጣል፦ «እኔ ሳልፍ ማን ያይልኛል?» ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 19፣ የትና ከማን ጋር እንደሚኖሩ የመምረጥ መብታቸውን ይደነግጋል። እዚህ መብቱ የሚጸናው በቤት ካርታ ወይም በመሬት ይዞታ ደብተር፣ በእድር መዝገብና በጎረቤት ነው። ስለዚህ ይህንንም ከመጨረሻው እንጀምረዋለን፤ እናት በሕይወት ሳለች። ቤቱ በማን ስም ይሆናል? የእድሩን መዋጮ ማን ይከፍላል? ልጅቷስ ከእድሩ ዳኛ ጋር በስሟ ትተዋወቃለች?

ወረቀቱ ቤቱን ያስጠብቅላታል፤ ሰው የሚያመጣላት ግን ቡናው ነው። ቡና የምትጠራ ሴት አንድ ቀን ሳትጠራ ብትውል «ምን ሆና ነው?» ብሎ የሚመጣ ጎረቤት አላት። ከቤት ሥራ ሁሉ ቡናን የማስቀድመው ለዚህ ነው።