ስለ ቼዝ አጀማመር የተጫዋቾች አስተያየት፤ ከሰንጠረዥ ወረራ ጋር ሲመዛዘን

ስለ አንድ ጨዋታ ደንብ አስተያየት የሚሰጥ ሰው የሚናገረው ስለ ጨዋታው ብቻ አይደለም፤ ከሰው አእምሮ የትኛው ችሎታ ሊፈተን እንደሚገባም አብሮ መናገሩ ነው። ቼዝ በምን ዓይነት አደራደር ይጀመር በሚለው ጥያቄ ላይ ታላላቅ ተጫዋቾች የሰጡት ልዩ ልዩ አስተያየት ይህን ያስረዳል። በዚህ አጭር ጽሑፍ አስተያየቶቹን እርስ በርሳቸው ካመዛዘንን በኋላ፥ በአገራችን ሰንጠረዥ ወረራ ከሚባለው አጀማመር ጋር እናነጻጽራቸዋለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የክርክሩ መነሻ የሚከተለው ነው። በመደበኛው ቼዝ ሠራዊቱ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ስለሚሰለፍ፥ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች በመጻሕፍት፥ በኋላም በኮምፒዩተር እየተመረመሩ በቃል የሚጠኑ ሆነዋል። ከ1921 እስከ 1927 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኩባዊው ካፓብላንካ፥ ጨዋታው ሁሉ በእኩል መለያየት እንዳይሆን ሠግቶ፥ ሰሌዳው እንዲሰፋና ሁለት ዓይነት አዳዲስ ጠጠሮች እንዲጨመሩ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር ግን ሰሌዳውንም ጠጠሮቹንም ሳይለውጥ፥ በ1996 በቦነስ አይረስ ከተማ ሌላ መፍትሔ አስታወቀ፤ ይኸውም ከወታደሮቹ በስተኋላ የሚሰለፉት በዕጣ እንዲደረደሩ ነው። ሁለቱ ጳጳሳት በተለያየ ቀለም ቤት፥ ንጉሡም በሁለቱ ግንቦች መካከል መሆን ስላለባቸው፥ ሊገኙ የሚችሉት አደራደሮች 960 ናቸው። የተለመደውም አደራደር ከነዚሁ አንዱ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ ተጫዋቾች ተከፋፈሉ። ጋሪ ካስፓሮቭ ሐሳቡን በመሠረቱ ባይነቅፍም፥ ከ960ዎቹ ጥቂቶቹ ብቻ ተመርጠው ቢሠራባቸው ይሻላል ይላል። ቭላዲሚር ክራምኒክ ደግሞ በዕጣ የሚወጣው አደራደር ብዙ ጊዜ ስምምነትና ውበት ይጎድለዋል ባይ ነው። ስለዚህ አደራደሩ እንዳለ ሆኖ፥ ንጉሡንና ግንቡን በአንድ ጊዜ የማንቀሳቀስ መብት፥ ካስሊንግ የሚባለው፥ እንዲቀር በ2019 ሐሳብ አቀረበ። ይህና ሌሎች ስምንት የደንብ ለውጦች አልፋዚሮ በተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ተሞክረው ውጤቱ በ2020 ወጥቷል። ማግኑስ ካርልሰን በበኩሉ ተጫዋች ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ ራሱ እንዲያስብ ስለሚያደርግ የፊሸርን አጀማመር ይደግፋል።

እነዚህ አስተያየቶች እኩል ክብደት ያላቸው አይመስለንም። የካስፓሮቭ ሐሳብ የሚሸሸውን ነገር መልሶ ያመጣል፤ የተመረጡት ጥቂቶች ከታወቁ በቃል መጠናታቸው አይቀርምና። ክራምኒክ ስለ ውበት የሚለውም አብዛኛው የልማድ ጉዳይ ነው፤ ዓይን ለብዙ ዘመን ያየውን አደራደር ውብ ነው ማለቱ የሚጠበቅ ነው። በእርግጥ አንዳንዱ አደራደር ነጩን ከተለመደው ይበልጥ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ይህ የፍትሕ እንጂ የውበት ጥያቄ ስላልሆነ፥ ተጋጣሚዎቹ ቀለም ተለዋውጠው ያንኑ አደራደር ሁለት ጊዜ ቢጫወቱ ይቃለላል። የኮምፒዩተሩም ሙከራ የትኛው ደንብ ለሁለቱ ወገን ሚዛናዊ እንደሆነ ሊነግረን ይችላል፤ ሰው የትኛውን መጫወት እንደሚወድ ግን አይወስንም። የካርልሰን ምስክርነት በአንጻሩ ከበድ ይላል። በ2019 በተደረገው የመጀመሪያው ይፋዊ የፊሸር ቼዝ የዓለም ሻምፒዮና በዌስሊ ሶ 13½ ለ 2½ ከተሸነፈ በኋላ እንኳ ሐሳቡን አልለወጠም፤ የራስን ጥቅም ያልተከተለ አስተያየት ደግሞ ይበልጥ ይታመናል።

ይሁን እንጂ ደጋፊውም ነቃፊውም አንድ ነገር የዘነጉ ይመስለናል። በልማድም ሆነ በዕጣ፥ አሰላለፉ ለተጫዋቹ ከውጭ የሚሰጠው ነው፤ ስለ ሠራዊቱ አቋቋም ኃላፊነት የለበትም። በሰንጠረዥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንግሊዛዊው ቆንሲል ፕላውደን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ጨዋታው ጽፏል፤ ሪቻርድ ፓንክኸርስትም በ1971 ታሪኩንና ደንቡን በሰፊው አትቷል። በወረራው ጊዜ ተጫዋቾቹ ተራ ሳይጠባበቁ፥ እያንዳንዱ በፈቀደው ፍጥነት ጠጠሮቹን ያንቀሳቅሳል፤ ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ የባላጋራውን አኳኋን እየተመለከተ የራሱን ሰልፍ ያበጃል። በቃል የተጠና እርምጃ እዚህ ብዙ አይረዳም፤ ዕጣም ቦታ የለውም።

ወረራ እንዳለ ወደ ዛሬው ቼዝ ይግባ ማለታችን ግን አይደለም። የሰንጠረዡ ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ስለሚሄድ፥ ወታደሩም ሲነሣ ሁለት ቤት ስለማይራመድ፥ ሁለቱ ሠራዊት እስኪገናኙ ጊዜ አለ። በአውሮፓ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኃይሏ የጨመረው ንግሥት ግን በሁለት በሦስት እርምጃ ከጠላት ሰፈር ትደርሳለች፤ ወረራው ሳይጀመር ያልቅ ነበር። ወደ ወረራ መንፈስ የሚቀርበው ዴቪድ ብሮንሽታይንና ፓል ቤንኮ የደገፉት አጀማመር ነው። በዚህኛው ወታደሮቹ በቦታቸው ቆመው፥ ተጫዋቾቹ የኋላውን ረድፍ እየተፈራረቁ አንድ በአንድ ይደረድራሉ። ከፊሸር ዕጣ ይልቅ ይህ የተሻለ ነው እንላለን፤ ሽምደዳን ሲያስቀር ኃላፊነትን ከተጫዋቹ ላይ አያነሣምና።

ይህ ጥያቄ ለእኛ ለተማሪዎች እንግዳ አይደለም፤ የተሸመደደን መልስ መመለስና አዲስ ነገር ሲገጥም ማሰብ ልዩ ልዩ ችሎታዎች መሆናቸውን በየፈተናው እናየዋለን። ከዚህ በላይ የተመዘኑት አስተያየቶች ሁሉ የቼዝ ሊቃውንት ናቸው። ስለዚህ ከጓደኞቻችን መካከል ወደየአገሩ ለዕረፍት የሚሄድ ቢኖር፥ ሰንጠረዥ የተጫወቱ ሽማግሌዎችን ፈልጎ የወረራውን ደንብ ብቻ ሳይሆን በአጀማመሩ ምን ይወዱና ምን ይነቅፉ እንደነበር ጠይቆ ቢጽፍ፥ ለዚህ ክርክር የጎደለውን ምስክርነት ያመጣል።