ታዲያ ምን ላድርግ?

ለንስሐ የሚጠራ ስብከት መቸኮልንም መታገሥንም ይፈልጋል። ሁለቱን አብሮ መያዝ ከወንጌላዊ ሥራ ሁሉ ከባዱ ይመስለኛል። መልእክቱ ለነገ የሚቀመጥ አይደለም፤ ሰው በድንገት ይሞታል፣ ልብም ቀስ በቀስ ይደነድናል። ይሁንና በዝማሬው ግለት እጁን ያነሣ ሰው፣ ጉባኤው ተበትኖ ታክሲ ሲሳፈር ምን እንደ ወሰነ ለራሱ እንኳ ማስረዳት ሊያቅተው ይችላል። ጥድፊያዬን የት ላይ ማዋል እንዳለብኝ ያስተማሩኝ፣ ከስብከት በኋላ ወንበር ሲሰበሰብ ጠጋ ብለው «ታዲያ ምን ላድርግ?» የሚሉኝ ሰዎች ናቸው።

ጥያቄው የቆየ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 መጥምቁ ዮሐንስ በዮርዳኖስ አካባቢ ይሰብካል። ቃሉ ያስፈራል፤ ስለሚመጣው ቁጣና በዛፍ ሥር ስለ ተቀመጠው ምሳር ይናገራል። ሕዝቡ ምን እናድርግ ሲሉት ግን መልሱ እስከ ጓዳቸው ይወርዳል። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲሰጥ ነገራቸው። ቀራጮቹን ከተወሰነላቸው በላይ እንዳይሰበስቡ፣ ወታደሮቹን ደግሞ ሰው አስፈራርተው እንዳይቀሙና በደመወዛቸው እንዲኖሩ አዘዛቸው። ቀራጩን ሥራህን ልቀቅ አላለውም፤ ወታደሩንም በረሃ ግባ አላለውም። እያንዳንዱ ንስሐውን ይዞ የሚመለሰው ሲበድል ወደ ኖረበት ቦታ ነበር።

ስብከት ሳዘጋጅ ከዚህ ክፍል የወሰድኩት ልማድ አለ። ጥቅሱንና ነጥቦቹን ከጻፍኩ በኋላ፣ በገጹ ዳር የሚሰሙኝን ሰዎች ሥራ እጽፋለሁ፤ እህል ነጋዴ፣ የታክሲ ረዳት፣ የቀበሌ ሠራተኛ፣ ሠራተኛ የቀጠረች እመቤት። «ኃጢአታችንን እንተው» የሚል ጥሪ ሁሉንም ስለሚመለከት ማንንም አይነካም። ለነጋዴው ሚዛኑን፣ ለረዳቱ ሆን ብሎ የሚያስቀረውን መልስ፣ ለቀበሌው ሰው ፋይል ለማንቀሳቀስ የሚጠብቀውን «የሻይ»፣ ለእመቤቲቱ ሳትከፍል ያቆየችውን ደመወዝ ስጠራ ግን ጉባኤው መቁነጥነጥ ይጀምራል። እንዲህ ዓይነቱ ስብከት ጥብቅ ወሰን አለው። በምክር ክፍል የሰማሁትን ምሥጢር፣ ስሙንም አገሩንም ብለውጠው፣ መድረክ ላይ አላወጣም። ሰውየው ራሱን ካወቀ ዳግመኛ ለማንም አፉን አይከፍትም፤ ሌላውም «የእኔም ነገ ይወራል» ብሎ ይሸሻል።

ሌላው ጥንቃቄ የቅደም ተከተል ነው። ኢየሱስ ዘኬዎስን ከሾላው ዛፍ አውርዶ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ስለ ገንዘቡ አንድ ቃል እንኳ እንደ ተናገረው አልተጻፈም። ከንብረቱ እኩሌታውን ለድሆች እሰጣለሁ፣ ያታለልኩትንም አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ቀራጩ ራሱ ነው። ገንዘቡ ይቅርታውን አልገዛለትም፤ እንግድነቱ ግን የተጨበጠውን እጅ ፈታው። አንዳንድ ወጣት አገልጋዮች ድፍረት እያላቸው ይህን ይዘላሉ። የበደል ዝርዝር ይዘው ይወጡና መስቀሉን ሳይናገሩ ይወርዳሉ። ክርስቶስ የሌለበት የንስሐ ጥሪ የክስ ማመልከቻ ነው፤ ተከሳሹ ወይ ይክዳል፣ ወይ ጠበቃ ይፈልጋል።

ጥሪው በትክክል ቢነገርም አብዛኛው ሰው እምቢ አይልም፤ ቀጠሮ ይሰጣል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 24 ጳውሎስ በቂሣርያ ታስሮ ሳለ፣ ገዢው ፊልክስ ከሚስቱ ከድሩሲላ ጋር ሆኖ አስጠራው። ጳውሎስ ስለ ጽድቅ፣ ራስን ስለ መግዛትና ስለሚመጣው ፍርድ ነገራቸው። ርእሶቹ ያለ ምክንያት የተመረጡ አይመስሉኝም። ፊልክስ ከእስረኛው ጉቦ ይጠብቅ ነበር፤ ድሩሲላም የኤሜሳን ንጉሥ ትታ እርሱን እንዳገባች የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፈስ መዝግቧል። ገዢው ፈራ፤ መፍራቱ ግን የትም አላደረሰውም። ሲመቸኝ አስጠራሃለሁ ብሎ ሰደደው። ከዚያም በኋላ ደጋግሞ እያስጠራ አነጋገረው፤ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ሹመቱን ለሌላ ሲያስረክብ እስረኛውን እንደ ታሰረ ተወው። ፊልክስ ከወንጌል ጋር ጠብ አልነበረውም። ወሬውን ወድዶት ነበር፤ ያልወደደው ጉቦውን መተው ነው። እኔም ስለ እምነት መጨዋወት የሚወድ፣ ዓመት እስከ ዓመት አብሮኝ ቡና የሚጠጣ ሰው ሳገኝ፣ ከመከራከር ይልቅ ያ ሰው ምን ይዞ እንዳልለቀቀ አስባለሁ።

ስለ ቀጠሮ ሲነሣ የአሜሪካው ሰባኪ የድዋይት ሙዲ ታሪክ በየስብከት ማሠልጠኛው ይነገራል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 8 ቀን 1871 እሑድ ማታ በቺካጎ ሰበከ፤ ክርስቶስን ምን እንደሚያደርጉት አስበው በሚቀጥለው እሑድ እንዲመጡ ነግሮ አሰናበታቸው። በዚያችው ሌሊት የቺካጎው ታላቅ ቃጠሎ ተነሣ። 300 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ወደ 100,000 የሚጠጉ ቤት አልባ ሆኑ። ያ ጉባኤ በዚያ መልክ ዳግመኛ አልተሰበሰበም። ሙዲ ለሕዝብ የአንድ ሳምንት ጊዜ መስጠቱን በሕይወቱ ሙሉ ሲጸጸትበት ኖሯል።

ከዚህ ታሪክ ብዙዎቻችን አንድ ዘዴ ወሰድን፤ ስብከት ሲያልቅ እጅ ማስነሣት፣ ወደ ፊት መጥራት፣ የመጡትን መቁጠር። የታሪኩ ትምህርት ግን ሌላ ይመስለኛል። ቃጠሎው ያሳየው የሰሚው ቀጣይ ሳምንት በሰባኪው እጅ እንዳልሆነ ነው። እጅ የተነሣበት ምሽት በቂ እንደሆነ አላሳየም። ስለዚህ ጥሪዬን በዛሬ ላይ አስራለሁ። ከወንድምህ ጋር ተኳርፈህ እንደሆነ ዛሬ ማታ ደውልለት እላለሁ። የሰው ገንዘብ እጅህ ላይ ካለ፣ ሙሉው ባይሞላልህም መክፈል የምትጀምርበትን ቀን ለባለገንዘቡ ሳትተኛ ንገረው እላለሁ። እንዲህ ሲባል ውሳኔው መልክ ያገኛል፤ ሰውየውም ጸጋን የሚፈልገው ለምን እንደሆነ በዚያው ሌሊት ይገባዋል፤ ስልኩን አንሥቶ መደወል ያቅተዋልና። ብዙ እውነተኛ ጸሎት የሚጸለየው ያን ጊዜ ነው።

ይህን ልማድ ከኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን መማር አያሳፍርም። የንስሐ አባት የንስሐ ልጁን ሰምቶ ሲያበቃ እንደ በደሉና እንደ አቅሙ ቀኖና ይሰጠዋል፤ ጾም፣ ስግደት፣ ምጽዋት። ስለ ክህነትና ስለ ጸጋ ያለን ልዩነት ትልቅ ነው፤ በጨዋታ አይታለፍም። ንስሐ በአፍ ብቻ እንደማያልቅ በማወቅ ረገድ ግን እነርሱ ቀድመውናል። ከዐቢይ ጾም አስቀድሞ በሚውለው በሦስቱ ቀን የነነዌ ጾም አገሩ በየዓመቱ የሚያስበው ታሪክ ራሱ ይህንኑ ይናገራል። የዮናስ ስብከት በዕብራይስጡ አምስት ቃል ብቻ ነው፤ ንጉሡ ግን ማቅ ከመልበስ አልፎ ሰው ሁሉ በእጁ ካለው ግፍ እንዲመለስ አወጀ። እግዚአብሔርም ያየው ሥራቸውን እንደሆነ ተጽፏል።

እስካሁን ስለ ሰሚው ጥድፊያ ተናገርኩ። የሰባኪው ጥድፊያ ግን ከመድረክ በፊት ይጀምራል፤ ዋናው ቦታውም እግሩ ነው። የውጭ ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1937 በጣሊያን ወረራ ምክንያት ከወላይታ ሲወጡ፣ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ምእመናን ሃምሳ ያህል ነበሩ። ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በቋንቋቸው አልነበራቸውም። ብዙዎቹ ታሰሩ፣ ተገረፉም። ጦርነቱ አልፎ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ግን አማኞቹ ወደ 10,000 ደርሰው አገኟቸው። ሞንታርቦም አዳራሽም አልነበረም። የነበረው ከመንደር መንደር የሚሄድ ሰው፣ ሕይወቱ ሲለወጥ ጎረቤቱ ያየው ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውንም ዘመን አንርሳ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው በ1964 ዓ.ም. ለዓለም አቀፉ የሉተራን ፌዴሬሽን በላከችው ሰነድ ዝግጅት ላይ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ሰነዱ ወንጌልን መስበክና ሰውን ማገልገል እንዳይነጣጠሉ የሚሞግት ነው። በደርግ ዘመን ከአገር የመውጣት ዕድል ሲቀርብላቸው ምእመናናቸውን ትተው አልሄዱም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ። ለእኔ የወንጌል አጣዳፊነት ሲባል ትዝ የሚለኝ እንዲህ ያለ መቅረት ነው። ከሰው ዘንድ ለመቅረት የወሰነ አገልጋይ ሰውን ማዋከብ አያስፈልገውም።

ለቅሶ ቤት ይህ ይፈተናል። አንዳንድ አገልጋይ ሐዘንተኛ ሲያገኝ ጊዜው ነው ብሎ ስለ ሞትና ስለ ገሃነም ይጀምራል። ሰውየው በዚያ ሰዓት እሺ የሚለው ነገር ሁሉ ከድካም የመጣ ነው። እኔ ለቅሶ ቤት እቀመጣለሁ፣ ውኃ አቀርባለሁ፣ ድንኳን ሲፈርስ አግዛለሁ፤ ተጠይቄ ካልሆነ አልሰብክም። ከአርባው በኋላ ጠያቂ ሲቀንስ ግን እመለሳለሁ። ያኔ እማማ ወይም ጋሼ ራሳቸው «ልጄ፣ እስቲ ያንን የምትለውን ንገረኝ» ይላሉ።

ከሪያድና ከቤይሩት በስልክ የሚያገኙኝ እህቶችም ሌላ ዓይነት ችኮላ ያስተምራሉ። በሰው ቤት ስለሚሠሩ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አይችሉም፤ ሥራቸውን ጨርሰው እኩለ ሌሊት ላይ የድምፅ መልእክት ይልካሉ። እንዲህ ያለችውን እህት አሠሪሽ ፊት እምነትሽን አውጂ ብሎ መግፋት አደጋው በእርሷ፣ ምስጋናው በእኔ እንዲሆን መፈለግ ነው። መቸኮል ያለብኝ እኔ ነኝ፤ ስልኳ ነገ ሊወሰድ ይችላልና መልሱን ዛሬ መላክ አለብኝ። መልሱም አጭርና ልትይዘው የምትችል መሆን አለበት፤ አንድ ክፍል ንባብ፣ አንድ ጸሎት፣ ይቅር ልትለው የሚገባ አንድ ሰው።

አገልግሎት ለሚጀምሩ ወጣቶች የምመክረው ከዚህ አይበልጥም። ክርስቶስ ያደረገውን ሳትናገሩ ሰው ማድረግ ያለበትን አትንገሩት። ያንን ከተናገራችሁ በኋላ ደግሞ ዛሬ የሚጀምረውን ነገር ሳታሳዩት አታሰናብቱት። የተነሡትን እጆች የሚቆጥር አይጠፋም፤ እናንተ በሚቀጥለው ሳምንት ሄዳችሁ ስልኩ ተደውሎ እንደሆነ፣ ደመወዙ ተከፍሎ እንደሆነ ጠይቁ። ካልሆነም አትቆጡ፤ አብራችሁት ተቀመጡና ምን እንዳቃተው ስሙት።