ለሞተ ሰው ምሕረት ወይስ ፍርድ?

ወታደር በጠላት እጅ ቢሞት ሐዘኑ ክብር አለው። በገዛ ወገኑ ጥይት የተገደለ እንደ ሆነ ግን ቤተ ሰቡ ሐዘኑንም ኀፍረቱንም አብሮ ይሸከማል። ታዲያ ለእንዲህ ያለው ሟች ከሞቱ በኋላ ምሕረት ማድረግ ይበቃልን?

እንግሊዞች በፈረንጆች አቈጣጠር በ2006 ባወጡት ሕግ፥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት «ሸሹ፥ ፈሩ» ተብለው በጦር ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸው ለተረሸኑ 306 ወታደሮች ምሕረት አደረጉ። ሕጉ እንዲህ ያለ ሞት እንደማይገባቸው ይመሰክራል፤ ነገር ግን የተፈረደውን ፍርድ አይሽርም። ጉድለቱም ይህ ነው፤ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ይነሣልና።

ቢሆንም እነዚያ፥ ችሎቱ ችኩልም ቢሆን፥ ዳኛ ፊት ቆመዋል። የእኛ አገር ነገር ይብሳል። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈሩ ወታደሮች የውሃ መሳቢያቸው ቢበላሽ፥ መኰንኖቹም ከራሳቸው ጕድጓድ ቢከለክሏቸው አመፁ። ሊያረጋጉ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው ራሳቸው የሚበሉትን አበሏቸው፤ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ዓመት ሳይሞላ፥ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ እኚሁ ጄኔራል ከሌሎች ሹማምንት ጋር በደርግ ትእዛዝ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ በኤርትራው ጦርነት መካከል የናደው እዝ አዛዥ ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ እንዲሁ ተገደሉ።

«ጦር ያለ ፍርሃት አይጸናም» የሚል ይኖራል። ነገር ግን አዛዡ ከተገደሉ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ናደው እዝ አፍአበት ላይ ተደመሰሰ፤ ግድያው ሽንፈቱን አላስቀረም።

ምሕረት ለበደለኛ የሚሰጥ ነው። ያልተፈረደበትን ሰው «ምሬሃለሁ» ማለት ሳይመረምሩ በደለኛ ማድረግ ነው። በ1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤት የደርግን መሪዎች ጥፋተኞች ብሏል፤ ይህ መልካም ነው። ዳሩ ግን ገዳይን መፍረድ ብቻ የሟቹን ስም አያነሣም። ለሟቹ የሚገባው፥ በማን ትእዛዝና በምን ምክንያት እንደ ሞተ ተመርምሮ በመዝገብ መጻፉ ነው። ምርመራው የሟቹን ጥፋት ቢያወጣ እንኳ፥ ያለ ፍርድ መገደሉ በደል መሆኑ አይቀርም።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያሉት ስለዚህ ነው። ለጭብጦ እንዲህ ከተባለ ለሰው ሕይወትማ ምን ይባል? ወጣቶች ሆይ፥ ነገ አዛዥ ወይም ዳኛ ብትሆኑ ይህን አስቡ፤ ለሞተ ሰው ምሕረት ከመለመን፥ በሕይወት ያለውን አስቀድሞ መስማት ይቀላል።