ባፈር ውስጥ የቀረ ሎግ

በቅርቡ የተቀጠረ ልጅ መጥቶ «ጋሼ፣ በፐርል ስክሪፕቴ $| = 1 ብዬ ጽፌያለሁ፤ ፕሮግራሙም እየሠራ ነው። ሎግ ፋይሉ ግን ባዶ ነው፤ ለምን?» አለኝ። ጥያቄውን ወደድኩለት። $| የሚሠራው በሰዓቱ በተመረጠው ፋይል ሃንድል ላይ ብቻ ነው፤ ሌላ ካልተመረጠ ደግሞ እሱ ስታንዳርድ አውትፑት ነው። የሎጉ ፋይል ወሬውንም አልሰማም። የተጻፈውን ወዲያው ከባፈር የሚያስወጣው ኦቶፍላሽ መጠራት ያለበት በራሱ በሎጉ ሃንድል ላይ ነው።

«ኦቶፍላሽ ሲበራ ፍጥነት ይቀንሳል» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ይቀንሳ! ፐርል የሚጻፈውን 8 ኪሎባይት እስኪሞላ (ከ5.14 በፊት 4 ነበር) ባፈር ውስጥ ያቆየዋል። ፕሮግራሙ በወጉ ሲጨርስ፣ ዳይ ብሎ ሲወጣም ቢሆን፣ የቀረውን ፋይሉ ላይ ያፈሰዋል። ሜሞሪ አልቆ ከርነሉ በኪል 9 ሲገድለው ግን የያዘውን ይዞ ይሄዳል። ሎግ የሚፈለገው ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ሌሊት ነበር።

በአንድ መሥሪያ ቤት የደንበኞች ሒሳብ የሚያሰላ ፕሮግራም ሌሊት ተገድሎ አደረ። የሎጉ የመጨረሻ መስመር የደንበኛው ስም መሃል ላይ ተቆርጧል፤ ያውም አንዱ ፊደል ለሁለት ተከፍሎ! በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ባፈሩ የሚቆጥረው ግን ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። ሰዎቹ «እዚህ ደንበኛ ላይ ነው የቆመው» ብለው ከዚያው ሊያስቀጥሉት ተነሱ። ፕሮግራሙ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ደንበኛ ሠርቶ ነበር፤ ወሬው ባፈር ውስጥ ቀረ እንጂ። በስንቱ ሰው ላይ ሁለት ጊዜ ሒሳብ ሊወጣበት ነበር።

ሎግ ፎር ፐርል ያልጫነ ሎግ አልጻፈም ባዮችም አሉ። ከጃቫው ሎግ ፎር ጄ የተቀዳ፣ ለትልቅ ሥርዓት የሚመች ጥሩ ሥራ ነው፤ አልክድም። ለአጭር ስክሪፕት ግን ፋይሉን በ>> እከፍታለሁ፣ ኦቶፍላሽ አበራለሁ፣ ሙሉውን መስመር በአንድ ፕሪንት እጽፋለሁ፤ አለቀ። እነሱስ ቢሆኑ? ፋይል ላይ ሲጽፉ ኦቶፍላሹ ሳይነኩት የበራ ነው!

መብራት ሲጠፋስ? ኦቶፍላሽ የሚያደርሰው እስከ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ድረስ ነው። ዲስክ ላይ እንዲወርድ ሲንክ መጥራት ያስፈልጋል፤ እሱ በእውነት ያዘገያል፤ ስለዚህ ገንዘብ ለሚነካ መስመር ብቻ ነው የምጠራው።

ነገሩን ይህን ያህል የማከርረው ያለ ምክንያት አይደለም። ለኮዴ ውበት ያመሰገነኝ ሰው ትዝ አይለኝም። መልኩን የማላውቀው የሌሊት ተረኛ ግን አንድ ጊዜ ደውሎ «የጻፉትን መስመር አይቼ ቶሎ ጨረስኩ፤ ተኝቼ አደርኩ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ መስመር በጻፍኩ ቁጥር የሚመጣብኝ የእሱ ድምፅ ነው።

በሉ፣ እናንተም የምትተማመኑበትን ስክሪፕት በሙከራ ማሽን ላይ አስነሡት፤ ሥራ መሃል በኪል 9 ግደሉት፤ ከዚያ የሎጉን የመጨረሻ መስመር አንብቡ።