ጉድጓድ የሌለበት ድንበር

ሞያሌ፣ በኬንያ ወገን ባለው የፍየል ገበያ፣ ነጋዴ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት የፍየሏን አፍ ይከፍታል። በአውራ ጣቱ ከንፈሯን ገልበጥ አድርጎ ድዷን ያያል። ቁስል ካለ ወይም ትንፋሿ ከከረፋ እጁን ይሰበስባል። ከዚያ ዓይኗንና አፍንጫዋን ያያል፤ በመጨረሻ ጅራቷን አንሥቶ መቅዘን አለመቅዘኗን ያጣራል። ሁሉም ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ፍየሏ ከሌሎች ጋር ታጭቃ ናይሮቢ ድረስ ልትጓዝ ስለሆነ፣ አንዷ ከታመመች ኪሳራው የእሱ ነው። የሚፈልጋቸው ምልክቶች የእንስሳት ሐኪሞች «የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ» የሚሉት በሽታ ምልክቶች ናቸው።

የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት «የየብስ እንስሳት ጤና ኮድ» ደግሞ ስለዚሁ በሽታ እንዲህ ይላል፦ በሽታው በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የሚቆይበት ጊዜ 21 ቀን ተብሎ ስለሚቆጠር፣ በሽታው ካለበት አገር የምትላክ ፍየል ከመጫኗ በፊት 21 ቀን ኳራንቲን ትቆይ። መጽሐፉ ልክ ነው። ዛሬ ድዷ ንጹሕ የሆነ ፍየል በሳምንቱ ልትታመም ትችላለች፤ ያንን የነጋዴው አውራ ጣት አያየውም። ግን የ21 ቀኑን መኖ ማን ይችላል? ውኃውስ በድርቅ ወራት ከየት ይቀዳል? ከአንዲት ፍየል የሚገኘው ትርፍ ይህን አይሸፍንም። ስለዚህ ነጋዴው መጽሐፉን ሳያውቀው ያልፈዋል፤ መጽሐፉም ነጋዴውን አያውቀውም።

ኮዱን ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት ልነቅፈው ብዬ አይደለም። የተወለደበትን ምክንያት የሚያውቅ ሰው በቀላሉ አይነቅፈውም። እ.ኤ.አ. በ1920 ከህንድ ተነሥተው ወደ ብራዚል ይሄዱ የነበሩ ከብቶች በቤልጂየሟ አንትወርፕ ወደብ ሲያልፉ የደስታ በሽታ የተባለውን ገዳይ የከብት ወረርሽኝ አስገቡ። አውሮፓ ደነገጠች። በ1924 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) 28 አገሮች ፓሪስ ላይ ተፈራርመው ድርጅቱን አቋቋሙ። ኮዱ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1968 ነው፤ አሁን በሁለት ቅጽ ይወጣል፤ አባል አገሮች በየዓመቱ ግንቦት ላይ ፓሪስ ተሰብስበው ያሻሽሉታል። እኛ ግን ከአንትወርፕ በፊት አንድ ትውልድ ቀድመን ይህንኑ ዋጋ ከፍለናል። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት በ1887 ለኢጣሊያ ጦር ከህንድ ተጭኖ ምጽዋ የወረደ ከብት የደስታ በሽታን አስገባ፤ አብዛኛው የአገሪቱ ከብት አለቀ፤ ክፉ ቀን የምንለው ያ ረሃብ ተከተለ። ያን ጊዜ ወደቡ ላይ አንድ የእንስሳት ሐኪም ቆሞ «ይህ መርከብ አያራግፍም» ቢል ኖሮ ብዬ አስባለሁ። በድንበር ላይ የእንስሳት ቁጥጥር ይኑር የሚለው የመጽሐፉ መነሻ ሐሳብ ለኢትዮጵያ አንባቢ ማስረጃ የሚያስፈልገው አይደለም።

ቅሬታዬ መጽሐፉ ድንበርን በሚስልበት መንገድ ላይ ነው። የንግድ እርምጃዎችን የያዘው አምስተኛው ክፍል በደንብ ተደርድሯል፦ ከመነሣት በፊት፣ በጉዞ ላይ፣ በድንበር ኬላና በኳራንቲን ጣቢያ፣ ሲደርስ። እንስሳው በላኪው አገር ሐኪም ይመረመራል፣ የጤና ምስክር ወረቀት ይያዝለታል። ተቀባዩ አገር ከፈለገ የእንስሳውን ዓይነት፣ ብዛቱን፣ የሚጫንበትን ማጓጓዣና የሚገባበትን ኬላ አስቀድሞ እንዲነገረው ይጠይቃል። በመጽሐፉ ትርጉም የድንበር ኬላ ማለት ለዓለም አቀፍ ንግድ የተከፈተ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ወደብ፣ ባቡር ጣቢያ ወይም የመንገድ መቆጣጠሪያ ነው። ዝርዝሩን ሳነብ የሞያሌን ዙሪያ እያሰብኩ አንድ ነገር ፈለግሁ፤ የውኃ ጉድጓድ። የለም።

በዚያ አገር ግን እንስሳ ከእንስሳ የሚገናኘው ጉድጓድ ላይ ነው። ቦረናዎች ኤላ ይሉታል። በጥልቆቹ ጉድጓዶች ወጣቶቹ እንደ መሰላል ከላይ እስከ ታች ተሰልፈው፣ እየዘፈኑ፣ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ ገንዳው ውስጥ ያፈሱታል። ከብቱ በተራ ይገባል፤ ተራውን የሚወስነው ሽማግሌ የማን ከብት ከየት እንደመጣ፣ የትኛው መንጋ ባለፈው ሳምንት ሳል እንደነበረው ያውቃል። በዚያ ገንዳ ላይ የአንዱ አፍንጫ ከሌላው አፍንጫ ጋር ይነካካል። የሳንባ በሽታ የሚተላለፈው እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ ቦረናዎች ሶምቤሳ ይሉታል። ኮዱ ይህ በሽታ ተደብቆ የሚቆይበትን ጊዜ ስድስት ወር ብሎ ይቆጥራል። በስድስት ወር ውስጥ ዝናብና ግጦሽ እየተከተለ ያው መንጋ ድንበሩን ስንት ጊዜ እንደሚሻገር እረኛውን ጠይቁት። ኬላው ጋ የሚደርሰው፣ ከደረሰም፣ ለሽያጭ የተነጠለው እንስሳ ብቻ ነው።

«ላኪ አገር» እና «ተቀባይ አገር» የሚሉት ቃላትም ሞያሌ ላይ ይምታታሉ። ከብቱ በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ፣ ወደ ናይሮቢ ይወርዳል። ግመሉ ግን በተቃራኒው ነው፤ ሁሴን መሐሙድ በ2012 በታተመው የአርብቶ አደርነት ጥናቶች ስብስብ ውስጥ እንደጻፈው፣ የሰሜን ኬንያ ግመል በሞያሌ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ወደ ውጭ ገበያ ይሄዳል። ሁለቱን መንጋዎች የሚያረባው ግን ብዙ ጊዜ የአንድ ጎሳ ሰው ነው። ቦረናው፣ ገብራው፣ ገሪው በሁለቱም ወገን ዘመድ አለው። ለእሱ «የውጭ አገር እንስሳ» የአጎቱ ልጅ ከብት ነው።

ከሁሉ የከበደኝ «ዞን» የሚለው ትርጉም ነው። ዞን የኮዱ ምርጥ ፈጠራ ነው፤ አንድ አገር በሙሉ ከበሽታ ነጻ ባይሆንም፣ አንዱ ክፍሏ ነጻ መሆኑን ካስመሰከረች ከዚያ ክፍል መነገድ ትችላለች። ግን ትርጉሙ «የአንድ አገር ክፍል» በሚል ይጀምራል። የቦረና ግጦሽ ለአፍተግርም ሆነ ለደስታ መሰል በሽታ አንድ ሜዳ ነው፤ ግማሹ ኢትዮጵያ፣ ግማሹ ኬንያ። ኮዱ ለዚህ ሜዳ ስም የለውም። ስም የሌለውን ነገር ደግሞ ማንም በጀት አይመድብለትም። ይህን በቁጣ ነው የምጽፈው፤ ምክንያቱም በሽታው በየት እንደሚሄድ ከማንም በላይ የሚያውቁት የመጽሐፉ ጸሐፊዎች ናቸው።

ነቀፋዬ ሚዛን እንዳይስት መጽሐፉ እጅግ ያስደሰተኝን ቦታም ላንሣ። ስለ አፍተግር በሚናገረው ምዕራፍ፣ በሽታው ካለበት አገርም ቢሆን አጥንቱ የወጣለት የበሬ ሥጋ በሁኔታ ሊላክ ይችላል። አገሩ በመንግሥት የሚመራ የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም ይኑረው፤ ሥጋው ከእርድ በኋላ ከ2 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ፤ የአሲድ ልኩ፣ ማለትም ፒኤች፣ ከ6 በታች ይውረድ። ሥጋው እንዲህ ሲቆይ የሚፈጠረው አሲድ ቫይረሱን ይገድለዋል፤ ቫይረሱ የሚተርፈው አሲዱ በማይደርስበት በአጥንት መቅኒና በንፍፊት ስለሆነ እነሱ ተለይተው ይወጣሉ። ይህ አንቀጽ በሬውን ከነሕይወቱ ከመጎተት ሥጋውን መላክ ይሻላል የሚል ስሌት አለው። ለሞያሌ እንዲህ ያለው አስተሳሰብ ከኳራንቲን ግቢ ይልቅ ተስፋ አለው፤ ቄራና ማቀዝቀዣ ከተገኘ የበሽታው ጉዞ እዚያው ይቆማል።

ጥብቅ ቁጥጥር ይብቃ የሚሉ ሰዎችም አሉ፤ አልስማማም። በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሳዑዲ ዓረቢያና የመን ሲገባ፣ ሳዑዲ ከአፍሪካ ቀንድ የቁም እንስሳት እንዳይገባ አገደች፤ ለሶማሌ ወደቦች እገዳው የተነሣው በ2009 ነው። በ2006 መጨረሻና በ2007 መጀመሪያ ይኸው በሽታ በኬንያ ከ150 በላይ ሰዎች ገደለ፤ ገበያዎች ተዘጉ። የገበያ መዘጋት የሚጎዳው በመጀመሪያ ሁለት ፍየል ሸጣ በቆሎ የምትገዛዋን እናት ነው። ደንብ ሲጠፋ ዕዳው እሷ ላይ ያርፋል። ግን ይህ በሽታ ከጎርፍ በኋላ በምትፈላ ትንኝ እንደሚዛመትም አንርሳ፤ ትንኝ ኬላ ላይ ወረቀት አታሳይም።

ታዲያ ደስታ እንዴት ጠፋ? ለመጽሐፉ ከባዱ ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። የዓለም የመጨረሻው የደስታ በሽታ የተመዘገበው በ2001 ኬንያ ውስጥ በሜሩ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በ2011 ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ በ1995 በአፋር ነበር። እዚያ ድረስ ክትባቱን ያደረሱት ሙቀት የማይበግረውን ክትባት ያለ ማቀዝቀዣ ተሸክመው ከመንጋው ጋር የሄዱ፣ ከማኅበረሰቡ የተመረጡ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ናቸው። አርብቶ አደሩ የሚያምናቸው፣ ቋንቋውን የሚናገሩ፣ የከብቱን ዘር የሚያውቁ። የምጽዋን ጥፋት የዘጋው በመርከብ ላይ የተጻፈ ወረቀት ሳይሆን የእነሱ እግር ነው። አምስተኛው ክፍል ግን ሥራውን ሁሉ የሚሰጠው ለመንግሥት ሐኪም ነው።

ሞያሌ ላይ ዛሬ የሚያምር ሕንፃ አለ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የያኔው የኬንያ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ በታኅሣሥ 2020 የመረቁት የአንድ ማቆሚያ የድንበር ጣቢያ ነው፤ የሁለቱ አገር ሠራተኞች በአንድ ቦታ እንዲሠሩ የታሰበ። የናይሮቢው አስፋልትም እስከ በሩ ደርሷል። ለጭነት መኪና ትልቅ እፎይታ ነው። ኮዱን የሚወድ ሰው ሕንፃውን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን በመኪና የማይመጣውን ከብት ሕንፃው አያገኘውም። አንድ ማቆሚያ የሚለውን ሐሳብ ወደ ገበያና ወደ ጉድጓድ ማውጣት ይቻላል፦ የሁለቱም አገር ሐኪሞች በአንድ ቀን፣ በአንድ ክትባት፣ በአንድ ገንዳ ላይ፤ የሰጡትም ወረቀት በሁለቱም ወገን እንዲታመን። ይህ ከኮዱ መንፈስ አይወጣም፤ ከትርጉሞቹ ግን ይወጣል።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። «ዞን» የሚለው ትርጉም ሁለት ጎረቤት አገሮች በጋራ የሚያውጁትን የግጦሽ ሜዳ ይቀበል። የድንበር ኬላው ዝርዝርም የጋራ የውኃ ቦታን ይጨምር። ፓሪስ ላይ እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ ኢትዮጵያም ኬንያም አባል ናቸው። የሁለቱ አገር የእንስሳት ሐኪሞች ኃላፊዎች ይህን ሐሳብ በአንድ ደብዳቤ ፈርመው በሚቀጥለው ግንቦት ይዘው ይሂዱ፤ ከመሄዳቸው በፊት ግን ሞያሌ መጥተው አንድ ጠዋት ጉድጓዱ ዳር ከሽማግሌው ጋር ይቀመጡ፤ የየትኛው መንጋ ተራ እንደሆነና ለምን እንደሆነ ይነግራቸዋል።