ምስሉ ተርፎ ስሙ ሲጠፋ

እ.ኤ.አ. በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ርእስ የታተመው የፎቶግራፍ መጽሐፍ፣ ከከተማዪቱ ነዋሪዎች የቤተሰብ አልበሞች የተሰበሰቡ ምስሎችን ለአደባባይ አብቅቷል። ከቁም ሣጥን የማይወጣው የቤት ፎቶግራፍ የዘመን ምስክር መሆኑን እንዲህ ያለው ሥራ በሚገባ ያሳያል። ይሁንና የዘመንን መልክ ማሳየትና የቤተሰብን ሐረግ መመርመር የተለያዩ ተግባራት ናቸው። ለዘመን መልክ ስሙ ያልታወቀ ሰው ፊትም ይበቃል፤ ልብሱ፣ የፀጉሩ አበጣጠርና የቆመበት ፎቶ ቤት ይናገራሉና። ለትውልድ ቆጠራ ግን ስም የሌለው ፊት ጽሑፍ ከሌለው መቃብር አይለይም። ዛሬ በየቤቱ የሚታየው አሮጌ ፎቶግራፎችንና ሰነዶችን ወደ ኮምፒውተር የማስገባት ሥራ መመዘን ያለበት በዚህ ነው።

ብዙውን ጊዜ ሥራው የሚጀመረውም የሚያልቀውም በስካነሩ ላይ ነው። ፎቶግራፉ ከአልበሙ ይወጣል፤ ፊቱ ስካን ይደረጋል፤ ፎልደር ውስጥ ይገባል። ጀርባው ግን ይዘለላል። የዱሮ ሰው ፎቶግራፍ ሲሰጥ ከጀርባው «ለማስታወሻ» ብሎ የተቀባዩን ስም፣ ቀኑንና ፊርማውን ማኖር ልማዱ ነበር። ፎቶ ቤቱም ቢሆን ማኅተሙን የሚያሳርፈው እዚያው ላይ ነው። ማሽኑ በበኩሉ በፋይሉ ላይ የሚመዘግበው ፎቶግራፉ የተነሣበትን ሳይሆን ስካን የተደረገበትን ቀን ስለሆነ፣ የአያት ሠርግና የልጅ ልጅ ልደት በአንድ ዓመት ሥር ተሰልፈው ይገኛሉ። በዋትሳፕ ለዘመድ የተላከው ቅጂ ደግሞ ጥራቱ ይቀንሳል፤ ይዞት የነበረው የቀንና የመሣሪያ መረጃም ይራገፋል። በናይሮቢ፣ በዋሽንግተንና በሪያድ የሚኖሩ እኅትማማቾች አንዱን ፎቶግራፍ በሦስት ዓይነት ጥራት ይይዙና ዋናው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ይጠፋል።

ይህ ቸልተኝነት የሚያስገርመው፣ በዚህ አካባቢ የትውልድ ቆጠራ የጊዜ ማሳለፊያ ሆኖ ስለማያውቅ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ በነበረው የርስት ሥርዓት አንድ ሰው መሬት ይገባኛል ሲል ከአቅኚው አባት መወለዱን ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት፤ ቆጠራውም በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል ይሄድ ነበር። ለጋብቻም እስከ ሰባት ቤት ዝምድና አለመኖሩ ይጣራል። በሶማሌም ዘንድ ልጆች አባቶቻቸውን በቃል የሚቆጥሩበት አብቲርሲ የታወቀ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት እንዲሆን ሲታወጅ የርስት ሙግት አበቃ፤ ሐረግን አጥንቶ ለመያዝ ከነበሩት ታላላቅ ምክንያቶች አንዱም አብሮ ቀረ። ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የተጀመረው ደግሞ ገና በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ስለዚህ ለቀደሙት ትውልዶች መዝገብ ቤቱ ቤተሰቡ ራሱ ነው፤ መዝጋቢዎቹም በዕድሜ የገፉ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ናቸው።

የእነዚህ ሰዎች ቃል ወደ ኮምፒውተር ሲሻገር የሚገጥመው ቅጽ ለሌላ ልማድ የተሰፋ ልብስ ነው። የሐረግ መመዝገቢያ ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት ጄድኮም የተሰኘው ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1984 በሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የተዘጋጀ ነው። በዚህ ቅርጽ የቤተሰብ ስም በሁለት እዝባር መካከል ተለይቶ ይቀመጣል። በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሶማሌ ልማድ ግን ሁለተኛው ስም የአባት፣ ሦስተኛው የአያት ነው። አባትና ልጅ አንድ የቤተሰብ ስም አይጋሩም፤ ሚስትም የባልዋን ስም አትወርስም። የአባቱን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ የሞላ ሰው፣ በስም ማውጫው ላይ አባትና ልጅን ያራርቃል፤ አባቶቻቸው በስም ብቻ የሚመሳሰሉ ባዕዳንን ግን ጎን ለጎን ያሰልፋል።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። የጄድኮም መደበኛ ዝርዝር የጎርጎርዮስን፣ የዩልዮስን፣ የዕብራውያንንና የፈረንሳይ አብዮትን አቆጣጠር በስም ይጠራል፤ የኢትዮጵያን አይጠራም። ለአብነት ያህል፣ በሠርግ ፎቶግራፍ ጀርባ «ጥር 1960» ተብሎ የተጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር የ1968 መጀመሪያ ነው። የበኩር ልጅ ፓስፖርት የልደቱን ዓመት 1969 ቢል፣ ልጁ የተወለደው ከሠርጉ በኋላ በዓመት ገደማ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እንዳሉ በአንድ መዝገብ ከገቡ ግን ባልና ሚስቱ ዘጠኝ ዓመት ያለ ልጅ የቆዩ ይመስላሉ፤ የልጅ ልጆችም ያልነበረ ታሪክ ይተርካሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ሰው በአንድ ስም ብቻ አይጠራም። ተፈሪ መኮንን፣ ኃይለ ሥላሴና አባ ጠቅል ሦስት ሰዎች አለመሆናቸውን ሁሉም ያውቃል፤ የንጉሠ ነገሥቱ ታሪክ ተጽፏልና። ታሪካቸው ያልተጻፈ አያት ግን በክርስትና ማስረጃቸው ላይ ወለተ ማርያም፣ በመታወቂያቸው ላይ በዓለማዊ ስማቸው፣ በቤት ደግሞ በቁልምጫ ሲጠሩ፣ ከሦስት አያት አንዷን የሚለይ ሰው ያስፈልጋል። የፊደላችንም ባሕርይ ሌላ ጣጣ ያመጣል። «ኃይሉ»፣ «ሐይሉ» እና «ሀይሉ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ፍለጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ስሞች ናቸው።

እዚህ ላይ ጄድኮምን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። የቤተሰብ ስም ቦታው ባዶ ሊተው ይችላል፤ ለአንድ ሰው ከአንድ በላይ ስም ማስገባት ይፈቀዳል፤ የማስታወሻ ቦታም አለ። ዋናው ጉድለት ቅጹ ያልጠየቀውን ለመጻፍ የማይተጋው የሰው ልማድ ነው። አልበምን በፋይል ስም ሳይሆን በሰው ማደራጀት ይቻላል፦ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቁጥር መስጠት፣ ስሙን በአንድ ወጥ አጻጻፍ አስፍሮ ሌሎቹን አጻጻፎችና ስሞች ከሥሩ መዘርዘር፣ የፎቶግራፉን ፊትና ጀርባ በአንድ ቁጥር ማያያዝ፣ ከዓመቱ ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ መለየት፣ ያልተነካካውን ዋና ቅጂ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ማኖር። ከሁሉም የሚቀድመው ግን ቃሉን የሰጠው ማን እንደሆነና መቼ እንደተናገረ መመዝገብ ነው። ሁለት አክስቶች በአንድ ፊት ላይ ሁለት ስም ቢሰጡ፣ አንዱን መርጦ ሌላውን መሰረዝ የመዝጋቢው ሥልጣን አይደለም፤ ሁለቱም ከተናጋሪያቸው ጋር ይቀመጣሉ። በሕይወት ያሉ ሰዎች መታወቂያ፣ የፍቺ ወረቀትና ኑዛዜም ከሠርግ ፎቶግራፍ ጋር በአንድ ፎልደር ለዘመድ ሁሉ የሚበተን አይደለም።

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል። የሚስበው ግን ወዴት እንደሆነ የሚያውቁት በስም የቆጠሩት ብቻ ናቸው። ስካነሩ ለመጪው ዓመትም ይቆያል፤ ፎቶግራፉም ቢደበዝዝ ጥቂት ዓመት ይታገሣል። በአልበሙ ጫፍ ላይ የቆመችውን ነጠላ የለበሰች ልጅ በስሟ የሚጠሯት ባልቴት ግን የመጨረሻዋ ምስክር ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሥራው ቅደም ተከተል ከእርሳቸው አጠገብ ተቀምጦ ከመጠየቅ ይጀምራል።