ጥር ላይ ማን ያጠጣል?

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ። የቁጥሩን ክርክር ለፈለገው ልተወው። እኔን የሚያሳስበኝ ጥር ነው። ክረምትማ ማንም ይተክላል፤ ሰማዩ ያጠጣል። መሬቱ ሲሰነጣጠቅ፣ ፍየሉም ሣር ሲያጣ ባለ ካናቴራው ዘማች የት ነው?

እኛም ሰፈር ወንዝ ዳር ባለፈው ክረምት ዘምተናል። «በጎ ፈቃድ ነው» ተብለን ስም ተጠራ፤ የቀረ ተመዘገበ! (ፈቃዱ የማን እንደሆነ እንጃ።) ፎቶው አልቆ ሁሉም ሲጣደፍ ብዙው ችግኝ ከነፕላስቲኩ ተቀበረ። ሥሩ በላስቲክ ታንቆ እንዴት ይጽደቅ? የጠጣንበት ሃይላንድ ሳይቀር እዚያው ተጣለ። በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቀን የቆለልነውን ቆሻሻ ደግሞ መኪና ሳያነሳው ዝናቡ ቀድሞ ወደ ወንዙ መለሰው።

ሪፖርቱ ግን ያማረ ነበር፤ ስንት እንደተተከለ እንጂ ስንት እንደጸደቀ የሚሞላበት ቦታ የለውማ! ለካናቴራ የወጣው ገንዘብ አንድ ጠባቂ ቀጥሮ በጋውን ባሻገረ ነበር።

ጥር ላይ አንዲት ጎረቤቴ የጎመን እጣቢ በጀሪካን ይዘው ወደ ወንዙ ሲወርዱ አገኘኋቸው።

«ምነው እማማ፣ ይሄን ሁሉ ተሸክመው?»

«እናንተ ተክላችሁ ጠፋችሁ፤ ምን ላድርግ ልጄ?»

ተከትያቸው ወረድኩ። ሰባት ችግኝ ቆሟል። የኔ ከሰባቱ ውስጥ የለም።